አማቴ የማይወጡባት መኪና

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት እንጂ በእኔ ቤት እንደማትወልድ የነገረችኝ ወጥ እያማሰለች ነው፤ ፊቷን እንኳ አላዞረችልኝም። ነገሩ ለዋግ ሰው እንግዳ አይደለም። ሴት ልጅ ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ ባል ደግሞ አደብ ገዝቶ ሰቆጣ ተቀምጦ የምሥራች ይጠብቃል። ያስቸገረው መሄጃው ነበር። የእናቷ መንደር ደሃና ውስጥ፣ ሰው በእግሩ፣ እህል በአህያ፣ ነፍሰ ጡር በበቅሎ የሚደርሱበት ቦታ ነው። ባለቤቴን ደግሞ የሠርጓ ዕለት የተቀመጠችባት በቅሎ ከነካባዋ ቁልቋል ውስጥ ጥላታለች። ከዚያ ወዲህ በቅሎ ከሩቅ ካየች መንገድ ትለውጣለች።

«ታዲያ በምን ልሂድ?» አለችኝ።

«በመኪና ነዋ!» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ሾፌር ነኝ።

ይህን የተናገርኩት ለእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጥ አድርጌ እተወው ነበር። ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ፣ ዘመዶቿ «እኛ ኽምጣኛ ተናጋሪ፣ እሱ የወልድያ ልጅ፤ ልጃችንን አርቆ ይወስድብናል» ብለው ሲያመነቱ፣ ሽማግሌዎቼ በሞቅታ «ኧረ መኪና አለው! ባሻችሁ ጊዜ ደጃችሁ ድረስ አምጥቶ ያወርዳታል» ብለው ቃል ሰጥተውልኛል። ከሽማግሌዎቹ አንዳቸውም መኪና ነድተው አያውቁም። አማቴ ያንን ቃል አልረሱም። እርግዝናው በተሰማ ሰሞን ሰው ልከው «መኪናዋ በየት በኩል ነው የምትመጣው? አጥሩን እናንሣላት?» ብለው አስጠየቁኝ። እንግዲህ ልጃቸውን ደጃቸው ካላደረስኩ፣ በዚያ አገር ዕድሜ ልኬን ጉረኛው አማች ተብዬ መቅረቴ ነው።

መኪናዋ አሮጌ ፒክ አፕ ነበረች። ግማሿ የእኔ፣ ግማሿ የሐጂ ነው። ሐጂ ሰቆጣ ገበያ ዳር ጨውና ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ጭነት ያመጣሉ፣ እኔ እነዳለሁ፣ ስትበላሽ ሁለታችንም እንሰድባታለን። ጊዜው የደርግ ነው፤ ነዳጅ በኩፖን፣ ስብሰባ በገፍ። ኩፖን ስናገኝ ኮረም ድረስ እንመላለሳለን። ከዚያ መንገድ ወጥታ ግን አታውቅም፤ ሆዷ ለመሬት ቅርብ ነበር።

ለሙከራ ባዶዋን ወደ ደሃና ነዳኋት። ገበሬ ማኅበሩ በዘመቻ የጠረገው መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ ክፉ አልነበረም። ወንዙ ውስጥ ግን ክረምት ያንከባለለው ድንጋይ እንደ ፍየል መንጋ ተኝቷል። መሐል ላይ ስደርስ ከሥር ግው አለና ቀጥ አለች። ወርጄ አየሁ። በኋለኞቹ ጎማዎቿ መካከል ያለው፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱም የሚያካፍለው ቅል የመሰለ ብረት፣ እኛ ዲፈረንሻል የምንለው፣ ድንጋይ ላይ ጉብ ብሏል፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች አህዮቻቸውን አቁመው ከበቡን። አንድ አዛውንት መኪናዋን ዞረው ዞረው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ አጭር ናት» አሉኝ። ከዚያ ተሸክመው አወጡልኝ፤ ሲያወጧትም ስቀው አልጨረሱም።

በማግሥቱ የሐጂ ሱቅ ደጃፍ ላይ ክርክር ተጀመረ። እኔ «ባሌስትራ» አልኩ። ባሌስትራ መኪና የምትነጥርበት፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ድርብርብ ብረት ነው፤ ድርቡን ስትጨምርበት መኪናዋ ብድግ ትላለች። ሐጂ «ጎማ» አሉ።

«ግመል አሸዋውንም ድንጋዩንም የሚሻገረው በምኑ ነው? በእግሩ! ትልቅ እግር ስጣት፤ ሌላውን አላህ ያውቃል።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ጨውዎን ይሽጡ፤ የመኪናውን ነገር ለእኔ ይተዉት።»

«ግማሿ የእኔ ናት።»

«የትኛው ግማሿ?»

«ጎማ ያለበት» አሉ።

ገበያተኛው ሁሉ ሐሳብ ሰጠ። ጨው ሊገዛ የመጣው ጨውን ረስቶ ስለ ጎማ ተከራከረ። ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ መጥታ ቆማ ስትሰማ ቆየችና «ድንጋዩን ለምን አታነሡትም?» አለች። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ክረምት ሌላ ያመጣል» አሉ። እኔም «አዎ፣ ሌላ ያመጣል» አልኩ። ከተሻረክን ጀምሮ የተስማማንበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይኸው ነው።

እኔ ነጂው ስለሆንኩ ባሌስትራው አሸነፈ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የተጋደመ የጭነት መኪና ሬሳ አለ፤ ከእሱ ብረቱን ፈትቼ ለቀጥቃጭ ሰጠሁ፤ ቀጥቃጩም በከሰል አግሎ አጎበጠልኝ። አስገባነው። ፒክ አፗ ከስንዝር በላይ ብድግ አለች፤ ሳያት ደረቴን ነፋሁ። በሰቆጣ ዋና መንገድ ላይ ያለ ምንም ጉዳይ ሁለቴ ተመላለስኩባት። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድኩ፤ መሐል ስደርስ ከሥር ግው አለ፤ ቀጥ አለች። ያው ድንጋይ፣ ያው ዲፈረንሻል።

ለካስ ባሌስትራ ከፍ የሚያደርገው ገላዋን ነው። ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር በአንድ ዘንግ የታሰረ ነው፤ ጎማው ካላደገ እሱ ከመሬት ንቅንቅ አይልም። መኪናዋ ከላይ እንደ ሹመኛ ተኮፍሳ ከሥር ያው ጥንቷ ሆና ቀረች። ሐጂ «አላልኩህም?» አሉ። አላሉኝም። ጎማ አሉኝ እንጂ ስለ ዲፈረንሻል ትንፍሽ አላሉም፤ እሳቸው ያወሩት ስለ ግመል ነው። በግመል ምክንያት ልክ መሆን ልክ መሆን አይደለም፤ ይህን ዛሬም ቢሆን አልለቅም።

ለማንኛውም ጎማ ፍለጋ ኮረም ሄድኩ። ያገኘሁት ከፒክ አፗ ጋር ዝምድና የሌለው፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ የጭነት መኪና ጎማ ነው። ቸርኬውን አስለወጥን፤ መሪ ሲዞር ጎማው ጭቃ መከላከያውን ስለሚልገው መከላከያውን በመጋዝ ቆረጥነው። አሁን ዲፈረንሻሉ በእርግጥ ከፍ አለ፤ ሐጂ ከሥሯ እያዩ ሱብሃነላህ አሉ። እኔም አመስግኜ ሞተር አስነሣሁና ከገበያው ወደ ላይ ያለውን ዳገት ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ሞተሩ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ፍሬኑን ብረግጥ የለም፣ የእጅ ፍሬኑን ብስብ የለም፤ በመጨረሻ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ መሐል ገብተን ቆምን። ሰው አልተነካም፤ ሽንኩርቱን ግን ለአንድ ሳምንት ቤታችን ውስጥ በላነው።

ኮረም ያለ አንድ መካኒክ ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀብኝ። «ትልቅ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል። ሞተሯ ያው አሮጌ ነው። አንደኛ ማርሽህን ሁለተኛ አድርገህባታል እኮ! የዲፈረንሻሉን ጥርስ ለውጥ።» ጥርሱን እስክናገኝ ወራት ሄዱ። ጥርሱ ሲገባ ኃይሏ ሌላ ሆነ፤ ዳገቱን ጨው ጭና እያዛጋች ወጣችው። ፍጥነቷ ግን አብሮ ሄዷል። ወደ ኮረም ስንወጣ አህያ የሚነዱ ሰዎች ደህና ዋላችሁ ብለውን ያልፉ ጀመር። ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው አንዷን አህያ በዓይናቸው ሸኝተው «ግመሌን ኤሊ አደረግካት» አሉ።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ባለቤቴ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ኅዳር ነበር፤ ደጋው ገብስ እያጨደ ነው። አማቴ ልጃቸውን ሊወስዱ ከደሃና በእግራቸው መጡ።

ስለ አማቴና ስለ እኔ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በአገራቸው አማች የሚስቱን እናት ፊት ቀና ብሎ አያይም፤ እሳቸውም በቀጥታ አያናግሩትም። ነውር ነው። እሳቸው ከገቡ እኔ እወጣለሁ፤ መውጫ ካጣሁ መሬት መሬት አያለሁ። የሚሉኝ ነገር ካለ ለልጃቸው ነው የሚሉት፤ «ይብላ በይው»፣ «ከስቷል፣ ምን ሆነ በይው»። ሁለት ዓመት ሙሉ እግራቸውን እንጂ ፊታቸውን አላውቀውም ነበር። የቀኝ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ከአረማመዳቸው አውቃለሁ፤ ዓይናቸው ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም።

በጠዋት መኪናዋን ደጅ አቆምኳት። አማቴ ከፊቷ ቆሙ። ከጎማው እስከ ጣሪያዋ አዩዋት።

«ይህ ነገር አይንበረከክም ወይ በይው» አሉ ለልጃቸው።

ሐጂ ከሱቃቸው የመጨረሻውን ደህና ፍራሽ ይዘው መጥተው ነበር። «እኔም ግመል ነው ያልኩት» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ምን እንደሠራን የገባኝ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጥርሱ ተጨንቀናል፤ የሚሳፈሩት አንዲት ነፍሰ ጡርና አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት መሆናቸውን ግን ማናችንም አላሰብነውም። ባለቤቴን ተሸክሜ አወጣኋት፤ እሷ ሚስቴ ናት። አማቴን ማን ያንሣቸው? እኔ ዓይኔን እንኳ ማንሣት አልችልም። ሐጂ የሰው እናት እጅ መያዝ በሃይማኖታቸውም በዕድሜያቸውም አይሆንላቸውም። ሁለት ወንዶች ጎን ለጎን ቆመን፣ አንዱ መሬት አንዱ ሰማይ እያየን ቀረን። ሐጂ መሰላል አመጡ፤ አማቴ «ወንዶች ቆመው ሴት መሰላል አትወጣም በይው» አሉ። የጨው ከረጢት ደረደርን፤ ተነቃነቀባቸው። በመጨረሻ መኪናዋን ነድቼ መንገዱ ዳር ካለው ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ጋር አስጠጋኋት፤ አማቴም በላይ በኩል ዞረው በካቡ ላይ መጡና ከቤት ወደ ቤት እንደሚሻገር ሰው ረጋ ብለው ገቡ። «እንዲህ አይሻልም ነበር ወይ በይው» አሉ።

ጋቢና አጠገቤ ሊቀመጡ አይችሉም። ባለቤቴ ደግሞ ከእናቷ አልለይም አለች። ስለዚህ ሁለቱም ኋላ፣ ጭነቱ ቦታ፣ በገለባና በሐጂ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ብቻዬን ፊት። መስተዋቱ ውስጥ የአማቴ ነጠላ ሲታየኝ ደነገጥኩና መስተዋቱን ወደ ሰማይ አዞርኩት።

ኬላው ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘብ አስቆመን። ምን እንደደበቅን ለማየት ከሥር ገባ፤ ሲገባ ኮፍያው እንኳ አልተነካም። ወጥቶ «ጓድ፣ ይህች መኪና ከሰፊው ሕዝብ ርቃለች» አለኝ። ነፍሰ ጡር እንደያዝኩ ነገርኩት። ኋላውን ሊያይ ጫፍ ጫፉን ረግጦ ተንጠራራ፤ አልደረሰም። «ልመንህ እንግዲህ» ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ተነጋግረናል፤ ባለቤቴ የጋቢናውን ጣሪያ ከመታች አቁም ማለት ነው። ብዙ ሳንርቅ መታች። አቆምኩ። አልወረደችም። ኋላ በኽምጣኛ ይነጋገራሉ፤ እኔ ከኽምጣኛ ሰላምታና የምግብ ስም ብቻ ነው የማውቀው። ትንሽ ቆይታ እንደገና መታች፤ ነዳሁ። እንዲህ እየቆምን እየሄድን ረፈደ። ሆዴን አላለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ድርብ ባሌስትራ ጭነት ከሌለ እንደ ድንጋይ ነው፤ ጠጠሩ ሁሉ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል። ለእሷ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ወንዙን ነበር የማስበው።

ወንዙ ዳር ደረስን። ማርሹን ወደ አንደኛ አስገባሁ፤ መኪናዋ እያጉረመረመች ወረደች። ያንን ድንጋይ አውቀዋለሁ፤ ሁለቴ አዋርዶኛል። ትንፋሼን ያዝኩ። የፊት ጎማ አለፈ። የኋላው ደረሰ። ከሥር ምንም ድምፅ የለም። ምንም! ወዲያ ማዶ ስንወጣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ስጮህ፣ ከኋላ የባለቤቴ ረጅም ድምፅ መለሰልኝ። ለመሻገሬ እልል ያለችልኝ መሰለኝ።

«አንተ ሰውዬ!» አለ ሌላ ድምፅ። «አቁም!»

አማቴ ናቸው። «በይው» የሚል ቃል የለበትም። ፍሬኑን ረገጥኩ።

«ውረድ። ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ወደዚህ እንዳትዞር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ምጡ ከጠዋት ጀምሯት ኖሯል። ካወራች ሰቆጣ ያስቀሯታል ብላ ነው ዝም ያለችው፤ እናቷም አውቀው ዝም ብለዋል። ሁለቱም ያንን ደጅ ፈልገዋል፤ እኔ ደግሞ በየጠጠሩ ሳነጥራቸው ውያለሁ።

ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በዚያ አገር በምጥ መንገድ ላይ የቀረችን ሴት የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔ ራሴ ቃሬዛ አይቻለሁ። ማርያም ማርያም እላለሁ፣ መሐል ላይ ደግሞ ባሌስትራውን እረግማለሁ፤ ከዚያ ደንግጬ እንደገና ማርያም እላለሁ። መኪናዋ አትታየኝም፤ ሲጥ ሲጥ ስትል ብቻ እሰማለሁ። ፀሐይዋ ዘወር አለች። አንድ ጊዜ ሁሉም ጸጥ አለ፤ ያ ጸጥታ ከሁሉም ከፋብኝ። ከዚያ እንደ ግልገል ቀጭን የሆነ ለቅሶ ሰማሁ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

«ሴት ናት!» አሉ አማቴ። «ሁለቱም ደህና ናቸው። በል ና ንዳ።»

«እሜቴ፣ ትረፍ እንጂ ትንሽ» አልኩ ለመሬቱ።

«ቤቴ ሳትደርስ ይህች ልጅ አልተወለደችም። ንዳ።»

ነዳሁ። ሁሉም የሳቀበት ማርሽ ያን ዕለት ብቻ ሥራውን አገኘ፤ አንደኛ ላይ አድርጌ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ሞተሩ እንደ ድመት እያንኮራፋ፣ በሰው እርምጃ ሄድን። ከገብስ አጫጆቹ ጋር የነበሩ ልጆች እየሮጡ ቀደሙን። ወሬው ከእኛ ፊት ገባ። አማቴ ደጅ ስንደርስ አጥሩ ተነሥቷል፤ ሴቶቹ እልልታውን ጀምረዋል።

አማቴ ልጅቷን በጨርቅ ጠቅልለው ከላይ ለሴቶቹ አቀበሉ። ባለቤቴን በሁለት እጄ ተቀብዬ አወረድኳት፤ አንገቴን አቅፋ «ደረስን አይደል?» አለች፤ «ደረስን» አልኳት። ሴቶቹ ከብበው ወደ ቤት ሊያስገቧት ሲሉ ከላይ ድምፅ መጣ።

«እኔስ?»

አማቴን ረስተናቸዋል። ግቢው ሜዳ ነው፤ ካብ የለ፣ ጉብታ የለ። ወንዶቹ ገብሱ ጋ ናቸው። ሴቶቹ እጃቸውን ዘረጉ፤ ክብደታቸውን የሚችል የለም። ምን ላድርግ? ፊቴን ወደ ትልቁ ጎማ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ አልኩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ጋረደች። ትንሽ ቆይቶ ባዶ እግር ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ያ የሚያማቸው ጉልበት ተንቀጠቀጠብኝ፤ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉብኝ። ቀስ እያልኩ ተቀመጥኩ። መሬት ሲረግጡ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ፤ እስኪሄዱ ብዬ ነው። አልሄዱም።

«ዙር» አሉ።

ዞርኩ። እግራቸውን አየሁ፤ አቧራ ለብሷል።

«ቀና በል። ከእንግዲህ የልጅ አባት ነህ። መሬት መሬት እያየህ የት ልታደርሳት ነው?»

ቀና አልኩ። ከጠበቅሁት ይልቅ ትንሽዬ ፊት ነበር፤ ድካም አጥልቶበታል፤ በእንባና በአቧራ ተዥጎርጉሯል። ባለቤቴን ይመስላሉ። እሳቸውም ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩ፤ የእኔንም ፊት አይተውት አያውቁም ለካ። ከዚያ ልጅቷን ከሴቶቹ ተቀብለው መጡና፣ አያያዙን እያሳዩኝ፣ እጄ ላይ አኖሩልኝ።